ደንበኛው አፍ ላይ ያለው ቃል

አክስቴ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ ትሸጣለች። አምና ገበያው ሲቀዘቅዝባት "ኢንጂነር አይደለህ? ሰው እንዲያገኘኝ አድርግ" አለችኝና ድረ ገጽ ሠራሁላት። በየገጹ "ጥራት ያላቸው ባህላዊ አልባሳት" ብዬ ጻፍኩ። ለጆሮ ያምራል። ሦስት ወር ሙሉ ግን አንድ ሰው እንኳ አልደወለም፤ የሱቁ ኪራይ ወሩን ጠብቆ ይመጣል።

አንድ ቅዳሜ ሱቋ ቁጭ ብዬ ስልኬን ስነካካ ደንበኞቹን ሰማኋቸው። "ለመልስ የሚሆን አለሽ?" "ለክርስትና፣ ለእናትና ለልጅ አንድ ዓይነት?" "ጥበቡ አረንጓዴ የሆነ?" "ባህላዊ አልባሳት" ያለ አንድም የለም። እኔ ኪወርድ ብዬ ኮምፒውተር ላይ ስፈልገው የከረምኩት ነገር እዚሁ በር ላይ ይነገር ነበር።

የሰማሁትን ጽፌ ገጾቹን በዚያው ቃል ቀየርኳቸው። "ሠርግ"ንም "ሰርግ"ንም፣ "ሐበሻ"ንም "ሀበሻ"ንም አስገባሁ፤ ጉግል ላይ የሚፈልግ ሰው ስለ ፊደሉ አይጨነቅም። ውጭ አገር ያሉት ብዙ ጊዜ አማርኛውን በላቲን ፊደል ስለሚጽፉት እሱንም ጨመርኩ።

በሁለተኛው ወር አንዲት ሴት ከዋሽንግተን ደወለች። ለክርስትና፣ ለእናትና ለልጅ።

አክስቴ ነገሩን ሳስረዳት ሳቀች። "ታዲያ መጀመሪያ ብትጠይቀኝ እነግርህ አልነበር?"