ዲቴክተሩ ከመኪና ሳይወርድ፦ ሦስት ቀን በሐረር

ለንደን የሚኖረው ወንድሜ ለልጄ አሥራ ሁለተኛ ዓመት ልደት የላከው ስጦታ ከሻንጣ ሲወጣ የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን መስሎኝ ነበር። ረጅም ዘንግ፣ ጫፉ ላይ የሰሃን ያህል ክብ ነገር፣ ከላይ ትንሽ ስክሪንና የጆሮ ማዳመጫ። ልጁ ግን ካርቶኑን ሳይከፍት አውቆታል። "ዲቴክተር ነው!" ብሎ ቤቱን በጩኸት ሞላው። በዚያ ሳምንት ከግቢያችን ሦስት ሚስማር፣ አንድ ከጠፋ የቆየ የሻይ ማንኪያና ቁጥሩ የበዛ የለስላሳ ቆርኪ አወጣ። ጽጌረዳዬም በዚያው ተነቀለች።

ለትምህርት ቤት ዕረፍት ሐረር እንሂድ ሲባል ልጁ መጀመሪያ የጠቀለለው ልብሱን ሳይሆን ይህንኑ ማሽን ነው። "እማዬ፣ እዚያ ስንት ዘመን ሰው የኖረበት ከተማ ነው! ሳንቲም አይጠፋም።" ወንድሜም በስልክ አበረታታው። እንግሊዝ አገር ቅዳሜና እሁድ ማሽናቸውን ይዘው እርሻ ለእርሻ የሚውሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። እዚያ የመሬቱ ባለቤት ከፈቀደና ቦታው በመንግሥት የተከለለ ታሪካዊ ስፍራ ካልሆነ መፈለግ ይቻላል። የ1996ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕግ "ውድ ሀብት" የሚለው ነገር ከተገኘ ደግሞ በ14 ቀን ውስጥ ማስታወቅ ግዴታ ነው። ወንድሜ የእኛም ሕግ እንዲሁ መስሎታል።

እኔ ግን በጉዟችን ዋዜማ የሕግ ባለሙያ ለሆነች ጓደኛዬ ደወልኩ። ሳቀች። "ማሽኑን መያዛችሁ አይደለም ጥያቄው፤ ማብራታችሁ ነው" አለችኝና የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን ላከችልኝ።

ያነበብኩትን በአጭሩ ልንገራችሁ። አዋጁ ስለ መሣሪያው ዓይነት አይጨነቅም፤ የሚጠይቀው ስለ ሥራው ነው። በአካፋም ሆነ በዲቴክተር፣ ቅርስ ፍለጋና ቁፋሮ ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ የጽሑፍ ፈቃድ አይካሄድም። ፈቃዱም የጥናት ዕቅድ፣ ሙያና በጀት ይዘው ለሚቀርቡ አጥኚዎች የታሰበ እንጂ ለቅዳሜ መዝናኛ አይደለም። "የመሬቱን ባለቤት እናስፈቅድ" የሚለው የወንድሜ መንገድም እዚህ አያስኬድም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው በማሳው ላይ የመጠቀም መብት ቢኖረውም ከሥሩ ያለውን ቅርስ እንድትፈልጉ ሊፈቅድላችሁ አይችልም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተቀብሮ ስለተገኘ ሀብት የሚናገረው አለው፤ የጥንት ቅርስ ሲሆን ግን ቦታውን ለልዩ ሕጉ ይለቃል። "ወርቅ ነው የምፈልገው" ለሚልም ማዕድን የራሱ አዋጅና የራሱ ፈቃድ አለው።

ቅጣቱን ሳነብ ደግሞ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ቅርስ የሰረቀ ከ7 እስከ 10 ዓመት፣ ሆነ ብሎ ያጠፋ ወይም ያበላሸ ከ10 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ወደዚያ አይደርስም፤ እናቱ ግን ልትጠየቅ ትችላለች።

እንግዲህ ዲቴክተሩ መኪናው ኋላ ላይ ተጭኖ እንዲሄድ፣ እንዳይወርድ ተስማማን። ልጁ ከአዋሽ እስከ አሰበ ተፈሪ አኮረፈ።

ጨለንቆ ስንደርስ ኩርፊያው ለቀቀው። ባለቤቴ መኪናውን ዳር አቁሞ በ1879 ዓ.ም. የሐረሩ አሚር አብዱላሂና የምኒልክ ጦር የተዋጉት እዚህ እንደሆነ ሲነግረው ዓይኑ በራ። "እንግዲያው ጥይት ሞልቷል! አምስት ደቂቃ ብቻ!" ሕጉን ደገምኩለት። አልገባውም፤ እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰዓት ለእኔም ከሕጉ በላይ የምሰጠው ምክንያት አልነበረኝም።

ምክንያቱን ያገኘነው በማግስቱ ጀጎል ውስጥ፣ አንድ የሐረሪ ቤት ስንገባ ነው። ሐረሪዎች ከተማቸውን "ጌ" ይሏታል፤ ቤታቸውን "ጌ ጋር"። ከሸዋ በር ገብታችሁ በፈረስ መጋላ አድርጋችሁ፣ የልብስ ሰፊዎቹን "መኪና ግርግር" አልፋችሁ ጠባቦቹ መንገዶች ውስጥ ስትጠፉ፣ ከውጭ ተራ ግንብ የሚመስለው ሁሉ ከውስጥ ሌላ ነው። ደረጃ ደረጃ ያላቸው አምስት መደቦች፣ ግድግዳው ላይ መጽሐፍና ዕቃ የሚቀመጥባቸው መስኮት መሳይ መደርደሪያዎች፣ የተሰቀሉ ሳህኖችና በቀለም ያበዱ ስፌቶች። መደቡም ወለሉም ቀይ ነው። የሰባት ዓመቷ ልጄ "ለምን ቀይ?" አለች። አስጎብኛችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ጨለንቆ ላይ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይላሉ አባቶቻችን። ከዚህ ከተማ የሄዱት ብዙዎቹ አልተመለሱም" አለ። ልጄን አየሁት። ስለ ጥይት ዳግም አላነሳም።

የጀጎልን ታሪክ ሌሎች ብዙ ጽፈውታልና አላንዛዛም፦ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ፣ አምስቱ ጥንታዊ በሮች፣ በ48 ሄክታር ላይ 82 መስጊድና 102 የአውልያ መካን፣ በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ መስፈር። ልጆቹን የማረካቸው ግንቡ ሥር ጅብ የሚገባባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች መሆናቸውን ግን ሳልጠቅስ አላልፍም።

ሳንቲም ፈላጊው ልጄ ሳንቲሙን ያገኘው ሸሪፍ የሐረር ከተማ ሙዚየም ውስጥ ነው። ይህን ሙዚየም የመሠረቱት አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የሐረርን መጻሕፍት፣ ጌጣጌጥ፣ ጎራዴና ሳንቲም እየሰበሰቡ መጀመሪያ በገዛ ቤታቸው አስቀመጡ፤ በኋላ ክልሉ አሮጌውን የራስ መኮንን ቤት ሰጣቸው። ሐረር የራሷን ገንዘብ የምትመታ ከተማ እንደነበረች ስንቶቻችን እናውቃለን? "ማሃለቅ" ይባላል፤ የጣት ጥፍር የምታህል ስስ ሳንቲም ናት፤ ላይዋ ላይ የአሚሩ ስም በዓረብኛ ተጽፎበታል። በጥር 1855 (እ.ኤ.አ.) ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ያህል የቆየው እንግሊዛዊ ሪቻርድ በርተን ሳይቀር ስለ ማሃለቅ ጽፏል። አጠገቧ 1780 የሚል ዓመት የታተመባት ማርያ ቴሬዛ፣ የእኛ አያቶች "ጠገራ ብር" የሚሏት፣ ግዙፍ ሆና ትታያለች። ልጄ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ግማሽ ሰዓት ቆመ።

እዚያው ሳለን ወንድሜ ደወለ። "አንድ ጠገራ ብርና አንድ ማሃለቅ ገበያ ላይ ፈልጊልኝ፤ ስመጣ ይዣት እሄዳለሁ።" ይህን ጥያቄ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያላቸው አንባቢዎች ሁሉ ያውቁታል። መልሱ ቀላል ነው፦ ቅርስ ከአገር አይወጣም። አዋጁ የሚፈቅደው ለጥናት፣ ለባህል ልውውጥና ለኤግዚቢሽን፣ ያውም በበላይ አካል ፈቃድ ነው። ለወንድሜ የሐረር ስፌት ገዛሁለት። አዲስ የተሰፋ፣ ማንም የማይጠይቅበት፣ ደግሞም ከሳንቲሙ የሚያምር።

በሁለተኛው ቀን ወደ ድሬዳዋ አቅጣጫ ወርደን ሐርላን አየን። "ለምን ክልክል ሆነ?" ለሚል ልጅ ከዚህ የተሻለ መልስ ያለው ቦታ አላውቅም። የአካባቢው ገበሬዎች ሲያርሱ የጥንት ሳንቲም፣ የቻይናም ጭምር፣ ያገኙ ነበር። ግዙፎቹን የግንብ ድንጋዮች እያዩም "እዚህ የኖሩት ግዙፋን ናቸው" ይባባላሉ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የሚመራ የእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከኢትዮጵያ የቅርስ ባለሥልጣን ጋር በፈቃድ ቆፈረ። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ይፋ የሆነው ውጤት ግዙፋኑን አስቀርቶ ከእነሱ የሚገርም ነገር አመጣ፦ የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የጌጣጌጥ ሠሪዎች ወርክሾፕ፣ የግብፅ ሳንቲም፣ ከህንድ ውቅያኖስ የመጣ ዛጎል፣ የቻይና ሸክላ።

አስጎብኛችን ለልጄ እንዲህ አስረዳው። "አንተ ሳንቲሟን አውጥተህ ኪስህ ብትከታት ያለህ ሳንቲም ነው። ባለሙያው ግን ከአጠገቧ ያለውን ከሰል ያየዋል፣ የአፈሩን ቀለም ያየዋል፣ ከላይዋና ከታችዋ ያለውን ያየዋል። ከሰሉ ተመርምሮ ዘመኑን ይናገራል። አንተ ስታወጣት ግን ከሰሉ ዲዳ ሆኖ ይቀራል።" ይህ የንግግር ማሳመሪያ አይደለም። ያው ቡድን ጀጎል ውስጥም በጥቂት ቦታ ቆፍሮ ያገኘው ዘመን ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ያለውን ነው፤ ሐርላ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ የደመቀ ከተማ ነበር። ሐርላ የሐረር ቀዳሚ ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ እንዲህ ካለው የአፈር ንባብ የመጣ ነው። በየማሳው ዲቴክተር ቢርመሰመስ ኖሮ ይህ ጥያቄ መነሻም አያገኝም ነበር።

ሕጉን ካነበብኩት ሁሉ ግን ያስገረመኝ ቅጣቱ ሳይሆን አንቀጽ 41 ነው። ቤት ሲሠራ፣ መንገድ ሲቆረጥ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ ማስታወቅና እስኪረከቡት እንዳለ መጠበቅ አለበት። ባለሥልጣኑ በስድስት ወር ውስጥ ተገቢውን ካላደረገ ግን ሁኔታውን በጽሑፍ ለክልሉ ኃላፊ አስታውቆ ከኃላፊነት ነፃ ይሆናል። ላስረከበ ሰው ተገቢ ሽልማት ይሰጣል፤ ያወጣው ወጪም ይተካለታል። ይህን ትምህርት ቤት ማንም አላስተማረኝም። የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ዛሬውኑ ይከፍላል፤ የአዋጁ ሽልማት ደግሞ ወረቀት ይፈልጋል። ሕጉ በነጋዴው እንዳይሸነፍ ቢያንስ መኖሩን ሰው ማወቅ አለበት።

ገበሬ ያገኘው ነገር በቦታው ሲቆይ ምን እንደሚመስል ያየሁት አንድ ጊዜ አክሱም ላይ ነው። ገበሬዎች መሬት ውስጥ ያገኙት የንጉሥ ኢዛና ጽሑፍ፣ በግዕዝ፣ በሳባና በግሪክ የተቀረጸው፣ ዛሬም በተገኘበት ስፍራ ትንሽ ቤት ተሠርቶለት ቆሟል። ድንጋዩ የሚያነሳውን ሰው ይረግማል፤ እርግማን ከአዋጅ ይበልጥ ሳይሠራ አልቀረም።

በሦስተኛው ቀን ሌሊት ዘንቦ አደረ። ጠዋት ከኤረር በር ወጥተን በግንቡ ሥር ስንሄድ ትንሿ ልጄ ቀጥ ብላ ቆመች። ጭቃው ውስጥ፣ ከድንጋዩ ሥር፣ የአዝራር የምታህል አረንጓዴ ክብ ብረት ጫፏን አውጥታለች። ወንድሟ እጇን ያዛት። "አትንኪያት! አንቀጽ 41!" መንገደኛው ዞሮ አየን። ባለቤቴ ፎቶ አነሳ፣ አስጎብኛችን ስልኩን አወጣ፣ እኛም በየተራ እየጠበቅን ሻይ ጠጣን። የምናደርገውን ለጠየቁን አንድ ሽማግሌ ልጄ ሲያስረዳቸው "ተባረክ ልጄ፣ እኛ በልጅነታችን ያገኘነውን ሁሉ ከረሜላ ገዝተንበታል" አሉት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ወጣት የቅርስ ባለሙያ መጣ። ተንበርክኮ ዙሪያዋን አየ፣ በጥንቃቄ አነሳት፣ በውኃ አጠባት። አንድ በኩል አንበሳ፣ በሌላው የጃንሆይ ምስልና "1936"። አምስት ሳንቲም! የጃንሆይ ሳንቲሞች ለብዙ ዓመታት በዚያው በ1936 ዓመት ምልክት ሲታተሙ ስለኖሩ የማን አያት ቆርቆሮ ውስጥ አይገኙም?

ልጄ ፊቱ ቀላ። ባለሙያው ግን አልሳቀበትም። "ይህቺ ሙዚየም አትገባም። ግን የጠራችሁኝ ደግ አደረጋችሁ፤ ቀጣዩ ሰው የሚያገኘው ሌላ ሊሆን ይችላል" ብሎ ቦታውን ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ሳንቲሟንም ለትንሿ ልጄ ሰጣት።

እሷም ወዲያው ወደ ሻይ ቤቱ ሮጣ ባለቤቷን በአምስት ሳንቲም ስንት ሳምቡሳ እንደሚደርሳት ጠየቀቻቸው።