የባከነች ደረስጌ

ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ደረስጌ ማርያምን ሲያሠሩ የራሳቸውን ዘውድ አስበው ነበር። ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐርም በሥራው ረድቷቸዋል። በየካቲት 1847 ግን ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ እዚሁ ጃናሞራ፣ ደረስጌ ላይ ድል ነሥተው ማረኳቸው፤ በቀናት ውስጥም በዚያችው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ቴዎድሮስ ተባሉ። ባለቤቱ ታስሮ ባለጋራው በደገሰው ነገሠ። ለዚህ ታሪክ ምን ማድመቂያ ያስፈልገዋል?

ጨመሩለት እንጂ! በድምፅ መጽሐፍ ተሠርቶ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር እኔም ጋ ደርሶ ሰማሁት፤ እስካሁን ያንገበግበኛል። ምዕራፍ በተከፈተ ቁጥር ነጎድጓድ፣ ፈረስ በተነሣ ቁጥር ዋይታ። ተራኪው ሌሊቱ መንጋቱን እንኳ የሚነግረን ሲቃ እየተናነቀው ነው። ለንጋቱ ሲያለቅስ ከርሞ ውቤ ተማረኩ የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ አልቆበታል፤ በጥድፊያ አልፎት ሄደ። ያቺ አንዲት ገጽ በለሆሳስ ብትነበብ ምን ነበረበት!

ንባቡም ያው ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ ስለማያሳይ፣ ገጹን አስቀድሞ ያላጠና አንባቢ መሰናከሉ አይቀርም። ይህኛው «ውቤ አሉ» ሲል ተናገሩ ማለቱ ይሁን በሕይወት አሉ ማለቱ፣ ዐረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ አይለይም። የቦታ ስሞቻችንማ አይነሡ። ከደባርቅ ተነሥቶ ሳንቃ በርን፣ ጨነቅንና ቧሂትን እያለፈ መካነ ብርሃን የሚገባ መኪና ረዳት በነጻ ያርምለት ነበር።

ድራማ ነውር ሆኖ አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱም የመድረክ ሰው ነበር። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ግን ጉዱ ካሣንም ፊታውራሪ መሸሻንም የሚያመጣቸው በጉሮሮው ነው፤ የሐዲስ ዓለማየሁ ዐረፍተ ነገር ሲያዝን ያዝናል፣ ሲያሾፍ ያሾፋል፤ ቀድሞት አያለቅስም። ያን ድምፅ ሰምቶ ያደገ ሀገር ይህን ሲቀርብለት እንዴት አይቆጨው?

እኔን ይበልጥ ያቃጠለኝ ግን የአጎቴ ነገር ነው። ፊደል አልቆጠሩም፤ የደረስጌን ወሬ ግን ከቀሳውስቱ አፍ እየሰሙ ነው ያረጁት። በዕድሜያቸው የመጀመሪያው መጽሐፍ ይሆንላቸዋል ብዬ ከፈትኩላቸው። ጥቂት አዳመጡና፣ «ዝጋልኝ ልጄ» አሉኝ። «ሰውዬው ምን አግኝቶት ነው እንዲህ የሚነፋረቀው?»

ሌላ ቅጂ ቢመጣ ስልኩን ወደ ጆሯቸው የሚያስጠጉ አይመስለኝም። ደግሞስ ማን ያመጣዋል? ገንዘብና ስቱዲዮ ያለው ሰው ነገ ይህን ታሪክ በድምፅ እንሥራው ቢባል፣ መልሱ «እሱማ ተሠርቷል» ነው።