በአባባ ሣጥን ስለ ተገኘችው የአውቶሞቢል ዓርማ

በኢተያ በሚገኘው በአያቶቻችን ቤት፣ በትልቁ ሣጥን ውስጥ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች አንዲት ዓርማ ትቀመጥ ነበር። መጠኗ ከሕፃን መዳፍ አይበልጥም፤ ቅርጿ እንደ እንቁላል ሞላላ፣ ዙሪያዋ ብረት ሲሆን፣ ብርሃን በሚያሳልፈው መካከሏ ላይ የላቲን ፊደል ተጽፎባታል። በዓመት በዓል ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ቡና በተፈላ ጊዜ አያታችን አባባ ሣጥኑን ከፍተው ያወጧትና፣ «ይህች ከዐፄ ምኒልክ አውቶሞቢል ላይ የወደቀች ናት፤ አባቴ አዋሽ ላይ አውቶሞቢሏን በገመድ ከሳቡት ሰዎች አንዱ ነበር» ይሉን ነበር። እኛም ይህንኑ በትምህርት ቤት ለጓደኞቻችን እያወራን በኩራት አደግን።

አባባ ካረፉ በኋላ ከወንድሞቻችን አንዱ «ይህን የመሰለ ቅርስ ለሙዚየም መስጠት ይገባል» የሚል ሐሳብ አመጣ። አያታችን እማማ ግን ከባለቤታቸው እጅ የቀረችላቸው እርስዋ ብቻ ስለ ሆነች ከቤት መውጣቷን አልወደዱም። ለጊዜው ክርክሩን ትተን፣ ሰው ፊት ከማቅረባችን በፊት እውነቱን መመርመር ይሻላል ብለን ተስማማን።

በዓርማዋ ላይ የተጻፈው ስም «ዎልስሊ» የሚል ነው። ይህም መጀመሪያ እጅግ አስደሰተን፤ ምክንያቱም በ1900 ዓ. ም. ቤዴ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ ለዐፄ ምኒልክ ያመጣት አውቶሞቢል ዎልስሊ ሲድሊ የምትባል ነበረች። (ይህ ሰው በስሙ ከሚታወቀው የቤንትሊ አውቶሞቢል ሠሪ ጋር በስም እንጂ በሥራ አይገናኝም።) በዚያን ጊዜ የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከድሬ ዳዋ አላለፈም፤ ለአውቶሞቢል የተበጀ መንገድም አልነበረም። ስለዚህ አውቶሞቢሏ በአሸዋውና በገደሉ ስትደርስ በሞተሯ ኀይል ፈንታ በሰው ጉልበት ትሳብ ነበር። አዲስ አበባ ከደረሰች በኋላ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ተቀምጠውባታል። ክሊፎርድ ሃሌ የተባለ ጸሐፊም የዚህን ጉዞ ታሪክ በመጽሐፍ አድርጎ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1913 በሎንዶን አሳትሞታል። የገመዱ ነገር ከአባባ ቃል ጋር ስለ ገጠመልን፣ ነገሩ እውነት ነው ወደ ማለቱ አዘነበልን።

አውቶሞቢሏ የተሠራችበት አገር በርሚንግሃም ነው። እኅታችን በዚያው ከተማ ስለምትኖር የዓርማዋን ፎቶግራፍ ላክንላት፤ እርስዋም አሮጌ ዎልስሊዎችን እያደሱ ለሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ አሳየች። እግረ መንገዷንም የፋብሪካውን ታሪክ ጠይቃ ጻፈችልን። ዎልስሊ መጀመሪያ አውቶሞቢል ሳይሆን የበግ ጠጕር መሸለቻ መኪና የሚሠራ ኩባንያ ነበር። በግ በሚረባበት በአርሲ ደጋ ለተወለድን ለእኛ ይህ ከሞተሩ ወሬ ሁሉ ይልቅ ደስ የሚያሰኝ ሆኖ አገኘነው። በኋላም በ1919 ዓ. ም. ኩባንያውን ሞሪስ ገዛው፤ በዎልስሊ ስም አውቶሞቢል መሥራትም በ1967 ዓ. ም. አበቃ።

ሽማግሌው ፎቶግራፉን አይተው፣ «ገልብጣችሁ ጀርባዋን አሳዩኝ» አሉ። እኛ በዚያ ሁሉ ዘመን ጀርባዋን ልብ ብለን አይተን አናውቅም ነበር። በጀርባዋ የዛገ የትንሽ አምፑል መያዣና የተቆረጠ ሽቦ አለ። ዎልስሊ በራዲያተሩ ላይ ሌሊት የምታበራ ዓርማ ማድረግ የጀመረው ግን በ1925 ዓ. ም. ገደማ ነው። ዐፄ ምኒልክ ያረፉት በ1906 ዓ. ም. ስለ ሆነ፣ የአባባ ታሪክ በአንዲት አምፑል መያዣ ፈረሰ። የእኅታችን ደብዳቤ በተነበበ ጊዜ በቤቱ የነበረው ዝምታ ዛሬም አይረሳንም።

እንግዲያስ ከየት መጣች? ከዚያ ዘመን ሰው በሕይወት ያሉት በጎንዴ የሚኖሩት የአባባ ታናሽ እኅት ብቻ ናቸው። ቡናና ስኳር ይዘን ሄድን። ዓርማዋን ተቀብለው ከዳበሱ በኋላ ሣቅ አሉና እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ወንድሜ በሕይወት ሳለ አፌን ይዤ ነበር። ጣልያን ከወጣ በኋላ ነው፤ እኔ ገና ጥጃ ጠባቂ ነበርሁ። በክረምት አንድ ፈረንጅ ከናዝሬት ወደ አሰላ ሲወጣ እኛ ሰፈር ጭቃ ያዘው። አውቶሞቢሏ ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ ረዥም፣ ጣራዋ ጨርቅ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ነበረች። አባታችን በሁለት ጥማድ በሬ አወጣለት። ገመዱ ፊቷን ፈግፍጎት ኖሮ ይህች ወደቀች፤ ወንድሜም ከጭቃው አንሥቶ በጋቢው ደበቃት። በማግስቱ ፈረንጁ ተመልሶ ላገኘ ሰው ብር እሰጣለሁ ብሎ አስጠየቀ። ወንድሜ ግን ቀድሞ ለአባታችን አላየሁም ብሎ ምሎ ነበርና ምን አድርጎ ያውጣት? ኋላ እረኞቹ ሲያዩበት፣ የምኒልክ ናት አለ። ከዚያ ወዲያ መመለሻ አጣ።»

ቃላቸውን ለሽማግሌው ብናስተላልፍ፣ እንደ አነጋገራቸው ከሆነ ያች አውቶሞቢል ሆርኔት እስፔሻል ሳትሆን አትቀርም አሉ። ሆርኔት ማለት ተርብ ማለት ነው። ከ1924 ዓ. ም. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ብቻ የተሠራች፣ ስድስት ሲሊንደርና ሁለት ካርቡራተር ያላት የፈጣን ጉዞ አውቶሞቢል ነበረች። ፋብሪካው ሞተሯንና እግሯን ብቻ ይሸጥ ስለ ነበረ፣ ገላዋን ሌሎች ባለ እጆች እንደ ገዢው ፈቃድ ያበጁላት ነበር። ስለዚህም አንዷ ከሌላዋ አትመሳሰልም፤ ዛሬም የቀሩት ጥቂቶች በብርቅ የሚፈለጉ ናቸው። ወንድማችን ይህን ሲሰማ ስለ ሙዚየሙ እንደገና መናገር ቢጀምርም፣ የሰው ንብረት ሆና የተገኘችን ዕቃ በምን አፍ እናቀርባለን ብለን መለስነው።

የቀረው ለእማማ መንገር ነበር። ከመካከላችን «በዚህ ዕድሜያቸው ስለ ባላቸው ክፉ አናሰማቸው» ያለ ነበረ፤ እኛ ግን ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኛ ቢሰሙት ይሻላል ብለን በትንሣኤ ማግስት ነገርናቸው። እማማ አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያም «ስንት ዓመቱ ነበር?» ብለው ጠየቁ። «ዐሥራ ሦስት ይሆናል» አልናቸው። «ምነው ለእኔ እንኳ ቢነግረኝ» አሉና ዓርማዋን ወስደው በጨርቁ ጠቀለሏት።

ከዓርማዋ ጋር በሣጥኑ የምትቀመጥ አንዲት ወረቀት ጽፈን፣ ስለ ፈረንጁ፣ ስለ በሬዎቹና ስለ አምፑሉ እውነቱን ዘረዘርን። ለእማማ ባነበብንላቸው ጊዜ፣ «የምኒልክንም ነገር ጨምሩበት፤ አባታችሁ ሲያወራው የሰማሁት እኔ ነኝ» ስላሉን፣ ከታች በኩል በሌላ ቀለም እርሱንም ጽፈነዋል።