«እንጸልይበታለን» ብለን ያልጸለይንበት ነገር

ዛሬ የምናካፍላችሁ ነገር ላይ ላዩን ሲታይ መንፈሳዊ አይመስልም፤ ስለ ቢሮ ኪራይ ነው። ነገር ግን ጌታ በዚያ የኪራይ ጉዳይ ውስጥ ስለ ገሠጸን ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም።

እኛ በዲላ ከተማ የምንኖር ሦስት አገልጋዮች ነን። ለገጠር አጥቢያዎች የደቀ መዝሙርነት ትምህርት እናዘጋጃለን፤ በአማርኛ እንጽፋለን፣ ወደ ጌዴኡፋ እናስተረጉማለን፣ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ በድምፅ እንቀርጻለን። ለብዙ ዓመታት የሠራነው ሳሎን ውስጥ ነው። እንግዳ ሲመጣ ላፕቶፑ ይዘጋል፤ ቡና ሲወቀጥ ቀረጻው ይቆማል። በዚህ መካከል ሥራችንን የሚያውቁ ወንድሞች የስድስት ወር የቢሮ ኪራይ እንሸፍንላችሁ አሉን። አመሰገንን፤ ሁለት አማራጮችም ከፊታችን ቀረቡ።

አንደኛው አዲስ አበባ ነበር። በብዙ አገሮች ቅርንጫፍ ያለው ትልቅ ድርጅት ጠረጴዛና የስብሰባ ክፍል በወር ያከራያል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሣል፣ ኢንተርኔቱ ፈጣን ነው፣ በር ላይ እንግዳ ተቀባይ አለች። በየወሩ አንድ ሳምንት እዚያ ሄደን ብንሠራ ይበቃናል አልን።

ሁለተኛው እዚሁ ዲላ ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ያደገ፣ ከዲላ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ ያጣ ወጣት ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራይቶ ስድስት ጠረጴዛዎች አስገባ። ኢንተርኔት አስገጠመ፣ በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። ሐሳቡ እንደ እርሱ ያሉ ተመራቂዎችና በኮምፒውተር የሚሠሩ ሰዎች በጋራ እንዲገለገሉበት ነው። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወደ እኛ መጥቶ፣ «ፓስተር፣ የመጀመሪያ ደንበኞቼ እናንተ ብትሆኑልኝ ሌላውም ሰው ያምነኛል» አለን። እኛም ትከሻውን መታ መታ አድርገን፣ «ልጃችን፣ እንጸልይበታለን» አልነው።

እውነቱን እንናገር፤ አልጸለይንም። በልባችን ወስነን ነበር። ለምን? መብራቱና ኢንተርኔቱ አንዱ ምክንያት ነበር፤ ይህ ውሸት አይደለም። ከሥር ያለው ግን ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከትልቅ ሕንፃ አድራሻ የሚጻፍ ደብዳቤ ከዲላ ከሚጻፍ ይልቅ ክብደት ያለው መሰለን። ታላቅ ሆነን መታየት ፈለግን። ለወጣቱ ግን «አንመጣም» ማለት ከበደን፤ ስለዚህ እምቢታችንን ጸሎት የሚል ልብስ አለበስነው።

ትልቅ መሆን በራሱ ዋስትና እንዳልሆነ ከዓለም ዜና እንኳ መማር እንችል ነበር። ዊወርክ የተባለው የጋራ የሥራ ቦታ ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ተጀምሮ፣ በጥር 2019 ዋጋው 47 ቢሊዮን ዶላር ተብሎ ተገምቶ ነበር። በኅዳር 2023 ግን የኪሳራ ጥበቃ ለማግኘት ፍርድ ቤት ቀረበ። በአንጻሩ በአገራችን በ2011 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው አይስአዲስ ለብዙ ወጣቶች የሥራ ፈጠራ ሐሳብ መነሻ ሆኗል። ይህን ስንል ትልቁ ሁሉ ይወድቃል፣ ትንሹ ሁሉ ይቆማል ማለታችን አይደለም። ትንሹም በአንድ ወር የኪራይ ዕዳ ሊዘጋ ይችላል። ስም ብቻውን መሠረት አይሆንም ለማለት ነው።

አዲስ አበባ የገባንበት የመጀመሪያው ሳምንት ደስ ይል ነበር። ሠራተኞቹ ትሑታን ነበሩ፤ የተባለውን ሁሉ ሰጡን። ሥራው ግን አልሄደም። ትርጉማችንን የሚያርሙልን የወናጎና የቡሌ ገበሬዎችና እናቶች ናቸው። «ይህን ቃል እኛ እንዲህ አንለውም» የሚሉን እነርሱ ናቸው። ከዲላ አዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እነርሱን ይዘን መሄድ አልቻልንም። የመስታወቱ ክፍል ድምፅ ስለሚያስተጋባ ቀረጻውም አላማረም። በሦስተኛው ወር ደግሞ እኛ እዚያ ሳለን አንድ አረጋዊ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አረፉ። የእኛን የአገልግሎት ጥሪ አስቀድመው የመሰከሩ አባት ነበሩ። ስንደርስ ቀብሩ አልፎ፣ ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ማንም አልወቀሰንም፤ ይህ ደግሞ የበለጠ ከበደን።

ውሉን እናቋርጥ ስንል፣ አስቀድሞ ማሳወቅ እንደሚያስፈልግ የሚናገረውን አንቀጽ ሳናነብ መፈረማችንን አወቅን። ያልተጠቀምንበትን ወር ከፈልን። ጥፋቱ የእኛ ነው። ጌታ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቆጥር አስተምሯል (ሉቃ. 14፥28)፤ ይህን ክፍል ስንት ጊዜ ሰብከንበታል!

ዲላ በተመለስን ሳምንት መነኻሪያው አጠገብ ሻይ ልንጠጣ ገባን። ብርጭቆው የተቀመጠበት ጠረጴዛ አንድ ጥግ ላይ ክብ ቀዳዳ ነበረው። ከመካከላችን አንዱ ጣቱን ከትቶ፣ «ይህ የኮምፒውተር ገመድ ማሳለፊያ ነው» አለ። የሻይ ቤት ጠረጴዛ ገመድ ማሳለፊያ ምን ያደርግለታል? ባለቤቷን ጠየቅን፤ ከእኛው ልጅ እንደገዛችው ነገረችን። የክፍሉን ኪራይ ለመክፈል ሦስቱን ጠረጴዛዎች ሸጧቸው ነበር። ሻዩን አልጨረስነውም።

በዚያው ቀን ፎቁን ወጥተን ይቅርታ ጠየቅነው። አልተቆጣም፤ አቀርቅሮ ትንሽ ቆየና እንዲህ አለ፦ «ፓስተር፣ የዚያኑ ቀን እምቢ ብትሉኝ ሌላ ሰው እፈልግ ነበር። እየጸለያችሁ መስሎኝ ጠበቅኋችሁ።»

ወገኖች፣ ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳነውም። የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ አለመጥራት (ዘጸ. 20፥7) ለመሐላ ብቻ የተሰጠ ትእዛዝ ይመስለን ነበር። ላልተጸለየ ጸሎት ስሙን ስንጠራ፣ የሚያምነንን ሰው በስሙ አስረን እናቆያለን። ጌታ ቃላችን አዎን ከሆነ አዎን፣ አይደለም ከሆነ አይደለም እንዲሆን የፈለገው (ማቴ. 5፥37) ለዚህም ጭምር ነው። ግልጽ እምቢታ ያሳዝናል፤ ሰውን ግን ነጻ ይለቃል።

ከዚያ በኋላ ሐዋርያት ሥራን በሌላ ዓይን አነበብን። ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር የሠራው ሙያቸው አንድ ስለ ነበረ ነው፤ ድንኳን ሰፊዎች ነበሩ (ሐዋ. 18፥2-3)። ከአንድ የሥራ ቤት የጀመረ ወዳጅነት ለወንጌል ትልቅ ፍሬ አፈራ። በኤፌሶንም ከምኩራብ ሲወጣ የጢራኖስን የትምህርት አዳራሽ ሁለት ዓመት ተጠቀመ (ሐዋ. 19፥9-10)። አንዳንድ ጥንታዊ ቅጂዎች ከአምስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ያስተምር ነበር የሚል ይጨምራሉ፤ አቆጣጠሩ ከእኛ ጋር አንድ ነው። ሌላው በቀትር ሙቀት ሲያርፍ ማለት ነው። የሌላ ሰው ቤት፣ ሌሎች የማይፈልጉት ሰዓት ነበር፤ ቃሉ ግን በእስያ ሁሉ ተሰማ።

ደግሞስ እኛ የጌዴኦ ሰዎች ቦታ መጋራትን ከማን እንማራለን? በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዓለም ያየው ይህንኑ ነው። በአንዲት ጠባብ ማሳ ላይ እንሰቱ፣ ቡናውና ትልልቁ ዛፍ አብረው ይኖራሉ። ቡናው ከዋንዛው ጥላ ያገኛል፤ የዋንዛው ቅጠል ረግፎ አፈሩን ያለመልማል።

አሁን በወጣቱ ክፍል ሁለት ጠረጴዛ ተከራይተን እንሠራለን። ሁሉም ተስተካከለ አንልም። መብራት ይጠፋል፤ ትልልቅ የድምፅ ፋይሎችን ሐዋሳ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ነው የምንልከው። የተሸጡት ጠረጴዛዎችም አልተመለሱም። ነገር ግን የገበያ ቀን ከወናጎ የመጡ እናቶች ደረጃውን ወጥተው ያርሙናል። ኪራዩንም ወሩ ሳይገባ እንከፍላለን፤ ዘመዳችን ነው ብለን ቅናሽ አልጠየቅንም።

በእንዲህ ያለ ምርጫ ፊት የቆማችሁ ካላችሁ፣ ትልቁን መምረጥ ኃጢአት ነው አንላችሁም። ሥራችሁ በየከተማው የሚያዞራችሁ ከሆነ፣ ወይም መብራት ለአንድ ሰዓት ቢጠፋ የምትከስሩ ከሆነ፣ ትልቁ ይሻላችሁ ይሆናል። ብቻ ውሉን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ለማቋረጥ ስንት ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ እንደሚያስፈልግ ጠይቁ። አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጣችሁ ሞክሩት። የምታገለግሏቸው ሰዎች በእግራቸው ሊደርሱባችሁ ይችሉ እንደ ሆነ አስቡ። ከሁሉ በላይ ግን አድራሻውን የምትፈልጉት ለሥራው ነው ወይስ ለስማችሁ? ይህን በጌታ ፊት መልሱ።

«እንጸልይበታለን» ያላችሁት ሰው ካለም ዛሬ አስታውሱት። ወይ በእውነት ተንበርከኩ፣ ወይ ሄዳችሁ መልሱን ንገሩት። ምናልባት እስካሁን እየጠበቃችሁ ይሆናል።

ጌታ ሆይ፣ በስምህ የሸሸንበትን ጊዜ ይቅር በለን። አዎናችንንም አይደለማችንንም እውነት አድርግልን። አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።