ግሡ መጨረሻ ላይ

ለእርሻ ትምህርት ሆላንድ፣ ዋኸኒንገን ከተማ በነበርኩበት ጊዜ ሆላንድኛን የተማርኩት በእንግሊዝኛ በኩል ነው። መጽሐፉ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የተጻፈ፣ የክፍል ጓደኞቼም አብዛኞቹ እንግሊዝኛን ከእናት ጡት ጋር የጠቡ ነበሩ። እኔም አማርኛዬን እንደ ጃንጥላ በር ላይ አስቀምጬ እገባ ነበር።

መጀመሪያ ነገሩ የዋዛ መሰለኝ። «ኢክ ድሪንክ ዋተር»፣ ውሃ እጠጣለሁ። አሰካኩ ቁርጥ የእንግሊዝኛው ነው። ቀጥሎ ግን ግሡ ሁለተኛ ቦታዬን ለማንም አልለቅም አለ። «ነገ» ብላችሁ ከጀመራችሁ ባለቤቱ ከግሡ ኋላ ይሰለፋል፦ «ሞርኸን ኻ ኢክ ናር ሃውስ»፤ ነገ እሄዳለሁ እኔ ወደ ቤት እንደ ማለት። የትኛው ስም ፊት «ደ»፣ የትኛው ፊት «ሄት» እንደሚቆም ደግሞ ያው ሽምደዳ ነው፤ ልጅቷ እንኳ «ሄት መይሸ» ተብላ ከሴት አልተቆጠረችም!

ጓደኞቼን ያስለቀሳቸው «ኦምዳት» ነው፤ «ምክንያቱም» ማለት ነው። እሱ ከገባ ግሡ ከቦታው ተፈናቅሎ ጫፍ ይወርዳል፦ «ኦምዳት ኢክ ዚክ ቤን»፣ ስለታመምኩ። «ሰውን እስከ መጨረሻ የሚያስጠብቅ ምን ዓይነት ቋንቋ ነው!» ይላሉ። ግሥን መጨረሻ ላይ እያስቀመጥኩ ያደግሁት እኔ፣ አብሬያቸው አማርር ነበር።

ቤት ያከራዩኝ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ነበሩ። እንግሊዝኛው «አንቺ»ንም «እርስዎ»ንም በአንድ ቃል ስለሚጠራ፣ እኔ በሆላንድኛ «የይ» እያልኩ ሳነጋግራቸው ከረምኩ። ፊታቸው ሲጠቁር በኪራዩ መስሎኝ ነበር። ለካ ለታላቅና ለማያውቁት ሰው «ኡ» የሚባል የአክብሮት ቃል አለ። መጽሐፉ አንድ መስመር ሰጥቶት ነበር፤ ዘልዬዋለሁ። ከእናቴ የሚበልጡትን ሴት «አንቺ» ስል መክረሜ ሲገባኝ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የሰፈሬ ሰው ቢሰማ «አሳዳጊ የበደለው» ይለኝ የለ?

ጠዋት ማድ ቤት አገኘኋቸው። ይቅርታ ጠይቄ ምክንያቱን ልናገር ስል እንግሊዝኛው ጥሎኝ ጠፋ። ሆዴ ውስጥ የቀረው «ስላላወቅሁ ነው» የሚለው ብቻ ነበር። «ኦምዳት ኢክ ሄት ኒት ዊስት» አልኩ። ግሡ ማንም ሳይጎትተው መጨረሻ ላይ ቁጭ አለ።

ሴትዮዋ ሳቁ። ቡና ቀድተውልኝ «ዜኽ ማር የይ» አሉኝ፤ ግድ የለህም፣ አንቺ በለኝ ማለታቸው ነው። ቤታቸውን እስክለቅ ድረስ «ኡ» እንዳልኳቸው ነው የኖርኩት።