የጭድ ተራ ልጅ በበርሊን ሰልፍ

የሕዳሴው ግድብ በተመረቀ ሰሞን፣ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም.፣ ታላቅ ወንድሜ ከመርካቶ ጭድ ተራ ሱቁ ደወለልኝ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የኑክሌር ማመንጫ ልንገነባ ነው ብለው ነበር። «አንተ ሆዬ ግን ኑክሌር ይዘጋ ብለህ ፈረንጅ አገር ትሰለፋለህ አሉ! በጄኔሬተር የምንነግደውን ረሳኸን?»

ጋሼ፣ አልረሳሁም።

የተሰለፍኩት በርሊን ነው፤ እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 2011፣ ከፉኩሺማ አደጋ ሁለት ሳምንት በኋላ። ፖትስዳመር ፕላትዝ ስደርስ ከሕዝቡ በፊት ያየሁት ፖሊሱን ነበር። ሰኔ 1997 ዓ.ም. መርካቶ ላይ ጥይት ሲንጣጣ የሱቁን በር ዘግቶ መሬት ላይ የተኛ ሰው ሌላ ምን ያያል? እግሬ መውጫ ይፈልግ ጀመር። ፖሊሱ ግን መኪና ያስቆምልናል! ሕፃናት በጋሪ ይገፋሉ፣ አሮጊቶች ፀሐይ የተሳለችበት ቢጫ ባንዲራ ያውለበልባሉ። አንዷ አሮጊት ባንዲራ ሰጡኝና ስለ ቪል መንደር አጫወቱኝ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወይን ገበሬዎች የኑክሌር ማመንጫ ሊገነባበት የነበረውን ቦታ ይዘው አንለቅም አሉ፤ ማመንጫው ሳይሠራ ቀረ። ገበሬ መንግሥትን እንቢ ብሎ ወይኑን ሲለቅም መኖሩ ነው እኔን የገረመኝ።

ጀርመኖች የመጨረሻዎቹን 3 ማመንጫዎች በኤፕሪል 2023 ዘጉ። ድንጋይ ከሰል ግን እያነደዱ ነው፤ ይህን ሳነሳባቸው አብረውኝ የተሰለፉት ይቆጣሉ።

ኑክሌርን መቃወም የፈረንጅ ቅብጠት ብቻም አይደለም። በኖቬምበር 1961 የኑክሌር መሣሪያ መጠቀም በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው የሚለውን ውሳኔ ለተባበሩት መንግሥታት ካቀረቡት አገሮች ግንባር ቀደሟ ኢትዮጵያ ነበረች። አሜሪካና እንግሊዝ ተቃወሙ፤ በ55 ድምፅ አለፈ። ቦምብና ማመንጫ አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ግን የመጠየቅ ልማድ ነበረን ለማለት ነው። እዚያው መርካቶ ብቀር ይህን አፍ አወጣ ነበር? እንጃ። መሄዴን የማልጸጸተው ለዚህም ነው።

ጋሼ፣ መብራት አይምጣ አላልኩም። ጀርመኖች ከ60 ዓመት በላይ አመንጭተው፣ እጅግ አደገኛውን የኑክሌር ቆሻሻ ለዘለቄታው የሚቀብሩበት ቦታ ዛሬም አልመረጡም። ጎርሌበን የሚባለውን የጨው ጉድጓድ ለአሥርተ ዓመታት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2020 ከዕጩነት አወጡት። ይህ ቆሻሻ ጠዋት ሱቅ ጠርገን ወደ ጎረቤት በር እንደምንገፋው አይደለም። ስብሰባ ሲጠሩህ እንደ ሁልጊዜው አጨብጭበህ አትመለስ፤ የት ነው የምትቀብሩት ብለህ ጠይቅልኝ።