ማንሣት፥ መሸከምና ማርገብ

ሰው በመኪና ሲሄድ ምቾቱን የሚያገኘው ከመቀመጫው ልስላሴ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሸክሙን የሚችለው ሞላው ነው፤ ሆኖም ሞላ አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ሲዘል ይቈያል እንጂ በራሱ ቶሎ አይረጋም። ይህን ዝላይ የሚያረግበው መካኒኮች ሞርሳተር የሚሉት ነው። በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ሲያልፍ የዝላዩ ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። የአየር ሞርሳተር የሚባለው ደግሞ የጎማ ከረጢት ተጨምሮለት፥ በሚነፋበት አየር የመኪናውን ኋላ ቀና አድርጎ ሞላውን ያግዛል።

በአሜሪካ፥ በቨርጂኒያ፥ በአሌክሳንድሪያ ከተማ ስኖር የነበረችኝ መኪና በ1994 እ.ኤ.አ. የተሠራች ቡዊክ ሮድማስተር ነበረች። የኋላ ሞርሳተሮቿ ከረጢት ተሰነጣጥቆ አየር መያዝ በተሳነው ጊዜ፥ ዳሌዋን የተቀደደችውን እናቴን በየሳምንቱ ወደ ሐኪም አመላልስ ነበር። በየጉድጓዱ ላይ ከንፈሯን ነክሳ ዝም ትላለች። ጋራዡ የጠየቀው ዋጋ ከአቅሜ በላይ ስለ ሆነ ሥራውን በቤቴ ደጃፍ ልሠራው ቈረጥሁ።

በዋዜማው በዛጉት ቡለኖች ላይ ዘይት አፈሰስሁ። በማግሥቱም በደልዳላ ሲሚንቶ ላይ የእጅ ፍሬን ይዤ ለፊት ጎማዎቹ ታኮ አደረግሁ። ክሪክ ማንሣት ይችላል፤ ነፍስ ግን አደራ አይሰጠውም። እናቴን ከሕመም አድናለሁ ብዬ ያለ ልጅ እንዳላስቀራት፥ ሻንሲውን በሁለት የብረት መቆሚያዎች ላይ ሳላሳርፍ ከመኪናዋ ሥር አልገባሁም። ክሪኩንም መልሼ ከአክስሉ ሥር አደረግሁት፤ ሞርሳተሩ ሲፈታ አክስሉ ወርዶ ሞላው ከቦታው ሊያመልጥ፥ የፍሬኑም ቱቦ ሊሳብ ይችላልና። አየሩን አስተንፍሼ ከላይ ሁለቱን ቡለኖች፥ ከታች ዳዶውን ፈታሁ።

አዲሶቹን ካስገባሁ በኋላ ቀጭኑን የአየር ቱቦ ከጋለው የጢስ ማውጫ አርቄ አሰርሁ። የታችኛውን ዳዶ እስከ መጨረሻው ያጠበቅሁት መኪናዋ በጎማዋ ከቆመች በኋላ ነው፤ አለዚያ በማያያዣው ላይ ያለው ጎማ እንደ ተጠማዘዘ ይቀርና ቶሎ ያልቃል። ከዚያም በፖምፓ ነፍቼ በመጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውኃ ቀባሁ፤ አረፋ አልታየም።

ከሁሉ የሚያስፈልገው ልክን ማወቅ ነው። ከረጢቱ ባዶውን ቢሄድ እየታጠፈ ይቀደዳል፤ ስለዚህ የእኔዎቹ መመሪያ በካሬ ኢንች ከ20 ፓውንድ እንዳያንስ ያዝዛል። ከመጠን በላይ ቢነፋ ደግሞ የሞላው ሸክም ወደ ሞርሳተሩ ማያያዣ ይዞራል፤ ማያያዣው ግን ለዚያ ያህል ክብደት አልተሠራም። አየር ስለ ጨመረ መኪናው የበለጠ መጫን የሚችል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ኋላው ቀና ይላል እንጂ አምራቹ የወሰነው የጭነት ልክ አንድ ኪሎ እንኳ አይጨምርም። በመሥሪያ ቤትም ሆነ በቤተሰብ እንዲሁ ነው፤ ረዳት የሆነውን ሰው ተሸካሚ ስናደርገው፥ ለጊዜው ሁሉ ነገር ቀና ብሎ ይታየናል፤ የሚሰበረው ግን ውስጥ ውስጡን ነው።

በሚቀጥለው የሐኪም ቀጠሮ እናቴ በመንገድ ላይ ወደ ውጭ ስትመለከት ቈይታ፥ «ልጄ፥ መንገዱን ጠገኑት እንዴ?» አለችኝ። ስለ ሞርሳተሩ ላስረዳት አሰብሁና ተውሁት። ሥራውን በደንብ የሚሠራ ሞርሳተር መኖሩ ለተሳፋሪ አይታወቀውም፤ ምስጋናውን የሚወስደው መንገዱ ነው።